አጎቴ «ነጋ» ያላለበት ሳምንት

እናቴ ለነቀምት መንገድ የሰጠችኝ ሁለት ነገር ነበር፦ በፌስታል የታሰረ በሶ እና «ይዘሽው ነይ» የሚል ትእዛዝ። በሶውን አምቦ ሳልደርስ ጨረስኩት። ትእዛዙ የት እንደደረሰ ለመናገር ግን አምስት ቀን መተረክ ይኖርብኛል።

የሚመጣው ሰው የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ጌታቸው ነው። ዘንድሮ ሃምሳ ዓመት ሞላው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ሆኖ ሃያ አምስቱን ዓመት የኖረው ነቀምት ነው፤ የግሬደር ኦፕሬተር ነው። ግሬደር ማለት ያ ረጅሙ ቢጫ መኪና ነው፣ ከሆዱ ስር ባለው ሰፊ ምላጭ የጥርጊያ መንገድ እየፋቀ የሚያስተካክለው። በቤታችን መንገድ ሲነሳ እሱ ይነሳል። ልጅ ሳለሁ የአገሪቱን መንገድ በሙሉ እሱ የሠራው ይመስለኝ ነበር።

ከሁለት ወር ወዲህ ግን ስልክ አያነሳም። ባለቤቱ እትዬ ሙሉ «ጨጓራው ነው» ትላለች። እናቴ ደግሞ ጨጓራ ሰውን ዝም አያሰኝም ብላ ጸበል አሰበችለት። እኔ ማተሚያ ቤት ወረቀት የማጣጥፍ፣ ፈቃድ ብጠይቅ ብዙም የማልጎድል ሰው ስለሆንኩ ተላክሁ።

ዓርብ

ወደ ወለጋ የሚሄድ ሰው ከቲኬት በፊት የሚጠይቀው «መንገዱ ክፍት ነው?» ብሎ ነው። ቲኬት ቆራጩ «ትናንት ገብተዋል» አለኝ። ክፍት ነው ብሎ ተስፋ አልሰጠኝም፣ ዝግ ነው ብሎም አላስፈራራኝም። የሚያውቀውን ብቻ ስለነገረኝ ወደድኩት።

ከጎኔ የተቀመጡት ሲሬ የሚያስተምሩ መምህርት ነበሩ። ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን መታወቂያ ይዘን ስንሰለፍ ቦርሳዬን ያዙልኝ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ልጃቸው አደረጉኝ።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ማተሚያ ቤት ነኝ። ግጥምም እጽፋለሁ።»

«የት ተማርሽው?»

«የትም።»

«ጥሩ፤ የሚያበላሽብሽ አላገኘሽም» አሉና ዘመድ ጥየቃ እንደሆነ ጠየቁኝ። አጎቴን ላመጣ እንደምሄድ፣ ጨጓራውን እንደታመመ ነገርኳቸው።

«ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ሃምሳ።»

«የሃምሳ ዓመት ጨጓራ» አሉና በረጅሙ ተነፈሱ። «ባለቤቴም አለበት። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ብትገቢ ሁላችንም ጨጓራ ነን። እናት ታማለች፣ ልጅ ሥራ አላገኘም፣ አንዱ ይደውላል፣ ሌላው ይደውላል። ክኒኑን ግን ለሆድ ነው የምንወስደው።»

ባኮ ስንደርስ የአውቶቡሱ የሞተር ቺንጊያ ተበጠሰ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ነች። እኛ ሰፈር፣ ኮልፌ ቢሆን ተሳፋሪው ሾፌሩን ይሰድብ፣ ሾፌሩ መልስ ይሰጥ፣ አንዱ ገንዘቤን መልሱ ይል ነበር። እዚህ ሰዉ ወርዶ ሸንኮራ ገዛ። መምህርቷ ከሸንኮራቸው አጋማሹን ሰጡኝ። ጥላ ስር ቆመን ስንመጥጥ አንድ ሽማግሌ መጡና ከቆሙት ሰዎች ጋር እጅ ተጨባበጡ።

«ነጋ?» አሉ ሽማግሌው።

«ነጋ» አሉ ሰዎቹ።

ቀና ብዬ ፀሐይዋን አየሁ። ከዚያ መምህርቷን በጆሯቸው «አሁን ነው እንዴ የነጋላቸው?» አልኳቸው። ሸንኮራው እስኪያንቃቸው ሳቁ። ነጋ በኦሮምኛ ሰላም ማለት ነው፤ ሰላም ነህ ወይ ብለው እየተጠያየቁ ነው። በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ግን ከእኛው «ሌሊቱ ነጋ» ጋር አንድ ነው። ለግጥም ጸሐፊ እንዲህ ያለ ቃል መንገድ ላይ ወድቆ እንደተገኘ ገንዘብ ነው፤ ደብተሬን አውጥቼ መዘገብኩት። መምህርቷ ሲሬ ላይ ከመውረዳቸው በፊት «አትጨነቂ፤ ምን ቢሉሽ ነጋ በይ፣ ይበቃሻል» ብለው መከሩኝ።

ምክራቸውን እንደ ትእዛዝ ያዝኩት። ነቀምት መናኸሪያ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስወርድ የባጃጅ ሾፌር ቦርሳዬን እየተቀበለ «ኤሳ ዴምታ?» አለኝ።

«ነጋ» አልኩት በኩራት።

ትንሽ አሰበና ደገመልኝ። «ኤሳ?»

«ነጋ።»

«እህቴ» አለኝ በጠራ አማርኛ፣ «ነጋ የሚባል ሰፈር ነቀምት ውስጥ የለንም። ቢኖር ሁላችንም እዚያ ነበር ቤት የምንከራየው። የት ልውሰድሽ?»

እስከ ጋሼ ጌታቸው በር ድረስ እየሳቀ ወሰደኝ። የድሮውን ቤተ መንግሥት አጥር አልፈናል፤ ስለ እሱ ሌላ ሰው ይጻፍላችሁ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ጋሼ ግቢው ውስጥ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጧል፤ ወደ በሩ ዞሯል፤ የሥራ ቡትስ ጫማውን አድርጎ ክሩን እስከ ላይ አስሯል። ለሥራ ሊወጣ መስሎኝ ነበር። እትዬ ሙሉ በኋላ እንደነገረችኝ ግን ሥራ ከሄደ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ጫማውን በየቀኑ ያስራል፣ ከዱካው አይነሳም።

«መጣሽ?» አለኝ። አዲስ አበባ ሲመጣ ከደጅ ጀምሮ ስሜን እየጠራ የሚገባ ሰው ነበር።

ቅዳሜ

ከእትዬ ሙሉ ጋር ገበያ ሄድኩ። ቤተሰቧ ከሸዋ የመጣ፣ እሷ ግን እዚሁ የተወለደች ናት። ገበያ ውስጥ ስትሄድ ቋንቋዋን እንደ ዘንቢሏ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ታዘዋውራለች። ቅቤውን በኦሮምኛ አሽትታ በአማርኛ ትከራከራለች። በየመደቡ ሰዎች ስለ ባሏ ይጠይቋታል፤ እሷም በአማርኛ ለጠየቃት «ጨጓራ»፣ በኦሮምኛ ለጠየቃት «ገራቻ» ትላለች። ሁለቱም ያው ሆድ ነው። ከአሥር ሰው በላይ ሲጠይቃት ሰማሁ። በእኛ ሰፈር ሰው ሁለት ሳምንት ከደጅ ቢጠፋ የሚጠይቀው ቤት አከራዩ ነው።

ስንመለስ ዘንቢሉን መሃላችን አድርገን ተሸክመን ሳለ «ጨጓራ አይደለም አይደል?» አልኳት።

ትንሽ ሄደችና ዘንቢሉን አወረደችው። «አይተኛም። ሲተኛም ጥርሱን ያፋጫል። አያትሽ ደብረ ማርቆስ ሆነው እሱን እየረሱት ነው፤ ሲደውልላቸው ማን ልበል ይሉታል። ትልቁ ልጃችን ተመርቆ ቤት ተቀምጧል፣ አባትና ልጅ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ትንሿ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ መንገድ ተዘጋ በተባለ ቁጥር ይጨነቃል። እኔም ስኳር አለብኝ። ለመሥሪያ ቤቱ ደግሞ ባለ ስክሪን ማሽን መጣ፣ እንደ አንቺ ያለ ልጅ ተቀመጠበት። እናትሽ ትደውላለች። አንቺም ደውለሻል። ስልኩ ሁሉ ወደ እሱ ነው፤ ከእሱ ወደ ማንም የለም።»

እኔም ደውዬ ነበር። ትምህርቴን ያቋረጥኩ ጊዜ እናቴ ወር ሙሉ ስታኮርፈኝ የደወልኩት ለእሱ ነው። ከበስተኋላው ሞተር ይጮህ ነበር፤ አጠፋውና ሰማኝ። ከዚያ ለእናቴ ደወለ፤ ማታ እናቴ እራቴን አቀረበችልኝ። ከምን ሥራ ላይ እንዳስቆምኩት፣ እሱስ እንዴት እንደሰነበተ አንድ ቃል አልጠየቅኩም። ዘንቢሉ እስከ ቤት ድረስ ከበደኝ።

ከሰዓት በኋላ ለሚ መጣ። ለሚ የገልባጭ መኪና ሾፌር ነው። ከጋሼ ጋር ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ አንዱ አፈር ያራግፋል፣ ሌላው ይደለድላል። ከኡኬ እስከ ዲጋ፣ ከዲጋ እስከ ኑኑ ቁምባ በዚህ ዙሪያ የእነሱ እጅ ያልነካው ጥርጊያ የለም። አንቱ ስለው «ተይ፣ ታስረጂኛለሽ» ስላለኝ አንተ እያልኩ እጽፈዋለሁ።

«አካም ጅርታ ጌቾ? ፈያ?» አለው ጋሼን።

«ፈያ» አለ ጋሼ።

«ነጋ?»

ጋሼ ወንበሩን በእግሩ ገፋለት። «ተቀመጥ።»

ለሚ ተቀመጠ፣ ቀለደ፣ ስለ ፍሬኑ አማረረ፣ አጎቴን ግማሽ ፈገግታ አስፈገገውና ተነሳ። ልሸኘው ከበሩ ውጭ ስወጣ ቆመ።

«ኢንተላ» አለኝ። ልጅት እንደማለት ነው። «ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«እናንተ ደህና ነህ ወይ ትላላችሁ፤ ደህና ነኝ ይላል፤ አለቀ። ሁሉም አንድ ቃል ውስጥ ገብቶ ይሸፈናል። እኛ ቆራርጠን ነው የምንጠይቀው። ፈያ ለብቻው ነው፣ እሱ ጤና ነው። ነጋ ለብቻው ነው። ጌቾ ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለቱንም መልሶልኛል። ከፋሲካ ወዲህ የመጀመሪያዋን ብቻ ይመልስና ሁለተኛዋን ይዘላል። ሌላው ሰው ቋንቋው አልሞላለት ይሆናል ብሎ ይተወዋል። እሱ ግን በኦሮምኛ ከእኔ ይበልጣል።»

ቀጥሎ የነገረኝን ግድግዳ ተደግፌ ነው የሰማሁት። ከሁለት ሳምንት በፊት ኑኑ ቁምባ ሲሠሩ ግሬደሩ ገደል አፋፍ ላይ ቆመ። ሞተሩ አልጠፋም፣ የፊት ጎማው ጠርዝ ላይ ነበር፤ ጋሼ መሪውን ይዞ ወደ ታች ያያል። ለሚ ከኋላ ቢጣራ አልሰማም። ለሚ ራሱ ወጥቶ ሞተሩን አጠፋው፣ ቁልፉን ነቀለ፣ እጁን ይዞ አወረደው። ለኃላፊያቸው «ጨጓራው ተነሳበት» ብሎ የሁለት ሳምንት እረፍት አስወጣለት።

«እረፍቱ ሰኞ ያልቃል» አለ ለሚ። «ቁልፉን ይጠይቀኛል። ካልሰጠሁት ወንድሜ አይደለሁም፤ ከሰጠሁት ደግሞ ያው አፋፉ አለ።»

«እናቴ አዲስ አበባ ይዘሽው ነይ ብላኛለች። ጸበል…»

«ጸበሉ መልካም ነው፣ እኛም ጸሎት አለን። ግን እንደ ዕቃ ጭነሽ ብትወስጂው አገር ሁሉ ምን ይላል? ጌታቸውን ዘመዶቹ ወሰዱት ይላል። እንደዚያ ከሄደ አይመለስም። በራሱ እግር መሄድ አለበት። ነገ ዲጋ እናቴ ጋ ምሳ እንበላለን። አንቺም ነይ።»

እሑድ

እነ እትዬ ሙሉ ከቅዳሴ፣ ለሚም ከቤተ ክርስቲያናቸው ከወጡ በኋላ ጋሼ፣ ለሚና እኔ በሚኒባስ ወደ ዲጋ ሄድን። ጋሼ አልሄድም ብሎ ነበር፤ ለሚ «እናቴ አንጮቴ ቀቅላለች፣ እምቢ ካልክ ራስህ ደውለህ ንገራት» ሲለው ተነሳ።

ዲጋ ቅርብ ናት። ሚኒባሱ ውስጥ ግን አጎቴ ማን እንደሆነ በዚያች አጭር መንገድ ተማርኩ። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ዞር ብላ አየችውና ለጎረቤቷ በኦሮምኛ ማውራት ጀመረች። ለሚ ተረጎመልኝ። በእሷ መንደር ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነበር የምትወጣው፤ ግሬደሩ የመጣ ዓመት ሦስተኛ ልጇን ሐኪም ቤት በመኪና ሄዳ ወለደች። መንገዱን የቀየሰው መሐንዲስ ስሙ ጠፍቷታል፣ የኦፕሬተሩ ግን አልጠፋትም፤ ኦቦ ጌታቸው፣ አቶ ጌታቸው ማለቷ ነው። ስትወርድ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። ኮልፌ ውስጥ አስፋልት ሲነጠፍ እኔ የጠየቅኩት መቼ ይጨርሳሉ ብዬ ነው፤ ማን እንደሠራው ጠይቄ አላውቅም። ያን ቀን ከአጎቴ ጎን ተቀምጬ በኩራት ደረቴ ሰፋ።

የለሚ እናት አዮ ዳሜ ይባላሉ። አዮ እናት ማለት ነው፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራቸው። አማርኛ አይሰሙም። ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን፣ እኔን ስመው አስገቡኝ፣ ከዚያ የጋሼን እጅ ያዙ።

«ፈያ?»

«ፈያ፣ አዮ።»

«ነጋ?»

ጋሼ መሬት መሬት አየ። እሳቸው እጁን አልለቀቁም፤ ወደ ቤት ግባም አላሉትም። ትሪው ላይ ምሳው ቀርቧል፣ ቅቤው እየረጋ ነው። የእኛ ሰፈር ሴት ብትሆን ዝምታውን በሆነ ነገር ትሞላው ነበር፤ ስለ ከሳው ሰውነቱ ታወራለች፣ ስለ መንገዱ ትጠይቃለች። እሳቸው ሰላምታቸው አላለቀም፤ መልሱን ይጠብቃሉ። እኔ አላስቻለኝም። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ በእሱ ፋንታ ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ለሚ ትከሻዬን ጫን አደረገኝ።

ጋሼ ጌታቸው በመጨረሻ ተናገረ። በአማርኛ ነው የተናገረው።

«አልነጋም፣ አዮ» አለ። «ሰባት ወር ሙሉ አልነጋልኝም።»

አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ማል ጄዴ?» አሉ፤ ምን አለ ማለት ነው።

ለሚ «ነጋ ህን ቀቡ ጄዴ» አላቸው። ሰላም የለኝም አለ።

በሁለት ቋንቋ ትርጉሙ ፈጽሞ የማይገናኝ አንድ ቃል ነው፤ ለሚ ግን አንድም ነገር ሳያጎድል አሻገረው። ብዙ ግጥም ጽፌ አላውቅም፤ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር ያለ ግን አንድም የለኝም።

አዮ ዳሜ አላለቀሱም፣ አላማተቡምም። ሰላምታቸው አለቀ፤ እጁን ይዘው አስገቡትና ከጎናቸው አስቀመጡት። አንጮቴ ከመሬት የሚቆፈር ሥር ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተቆራርጦ ቅቤና ቅመም ይፈስበታል። ከድንች ይጠነክራል፣ ጣዕሙም ሞላ ያለ ነው። ወለጋ ውስጥ አጥንት ለተሰበረ ሰው እሱን ያበላሉ። አሮጊቷ አንድ ጊዜ እያጎረሱት የሆነ ነገር ጠየቁት።

«የቱ ጋ ነው የተሰበርከው ትልሃለች» አለ ለሚ።

ጋሼ አላምጦ ሲጨርስ ጣቱን ወደ ግንባሩ አነሳ። አሮጊቷ አዩና አንድ ሌላ ጉርሻ፣ ከመጀመሪያው የሚበልጥ፣ ጨመሩለት። ያኔ ሳቀ። ከመጣሁ ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ለሚ ያን ሳቅ ጠብቆ ነበር መሰለኝ። «ጌቾ፣ አንድ ነገር ዋሽቼሃለሁ» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንዳንድ ሰኞ ጸሎት አለኝ እያልኩ የምሄደው የአእምሮ ሐኪም ጋ ነው። በወር አንድ ጊዜ። ክኒን እወስዳለሁ።»

ጋሼ ትኩር ብሎ አየው። «አንተ?»

«እኔ። ልጄ የሞተች ጊዜ ጀመርኩ። አፈር መገልበጥ ስጀምር ያለቀስኩባቸው ቀናት አሉ፤ አንተ ከፊት ስለነበርክ አላየህም።» ከዚያ እናቱ ምን እንደተባለ ሲጠይቁት ድምፁን ዝቅ አድርጎ በኦሮምኛ ነገራቸው። እሳቸው ሳይገረሙ መለሱለት፤ እሱ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ሰኞ ጸሎት እንደሌለ ፓስተሩ ከነገረኝ ቆይቷል ትላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የጸሎት ምሳ እያለች ስትቋጥርልኝ ነበር።»

ስንመለስ ጋሼ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ እያየ ነበር። «የግሬደር ኦፕሬተር የአእምሮ በሽተኛ ነው ከተባለ ማን መሪ ያስይዘዋል?» አለ።

«እኔን ማን አስያዘኝ?» አለ ለሚ። «ነገ ቀጠሮዬ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ በባጃጅ እመጣለሁ። ቁልፉንም ይዤ እመጣለሁ።»

ሰኞ

ለሚ በሰዓቱ መጣ። ጋሼ ዱካው ላይ ነው፤ ጫማው ታስሯል። ለሚ የግሬደሩን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ሰጠው። ቃል አልተናገረም። እትዬ ሙሉ በሩ ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ጠመዘዘች። እኔ በልቤ ለእናቴ የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር፤ የማዘጋጀው ግን ሁለት ዓይነት ንግግር ነው።

ጋሼ ቁልፉን ኪሱ ከተተው፣ ተነሳ፣ ባጃጁ ውስጥ ገባ። ሾፌሩ «ወደ መሥሪያ ቤት?» አለው፤ ሁሉም ያውቀዋል።

«ወደ ሆስፒታል» አለ።

የአእምሮ ህክምናው ክፍል በር ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ብዙ ወጣት ይኖራል ብዬ ነበር፤ ያየሁት ግን በአብዛኛው የእናቴና የአጎቴ እኩያ ነው። ነጋዴ የሚመስሉ፣ የቢሮ ማኅደር ያቀፉ፣ ጠመኔ እጅጌያቸው ላይ ያለ። አንዱም የሚጮህ የለም። ሁሉም ሥራ ቦታው የሚጠብቀው ሰው ይመስላል።

ተራችን ሦስት ሰው ሲቀረው ኮሪደሩን ይዘው የሰፈሩ እድር ጸሐፊ አቶ ደረጀ መጡ። እትዬ ሙሉ ቅዳሜ ገበያ ላይ አሳይታኛለች፤ እሳቸው ያወቁትን ነገር እስከ ማታ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል ብላኛለች። በሩ ላይ የተጻፈውን አነበቡ፣ እኛን አዩ፣ ቆሙ።

«ኦቦ ጌታቸው! ምነው እዚህ? ማን ታሞ ነው?»

ይህን ከሌሊት ጀምሮ አስቤበት ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩ ፈጠን ብዬ። «እኔን ሊያሳክም…»

ጋሼ ጌታቸው እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። «እሷ ደህና ናት» አለ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም፤ ወንበሩ ላይ ያለው ሁሉ ሰምቷል። «የታመምኩት እኔ ነኝ፣ አቶ ደረጀ። እንቅልፍ ካጣሁ ሰባት ወር ሆነኝ፤ ሐሳብ አሸንፎኛል። ኑኑ ቁምባ ገደል ልገባ ስል ይሄ ሰውዬ ነው እጄን የያዘኝ። ጨጓራ ነው ያልነው ውሸት ነው። ለጠየቀዎት ሰው እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ፤ ሙሉ በየገበያው መዋሸት ደክሟታል።»

ይህን ያለው በአንድ ትንፋሽ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣሁት ይህን ሰው እንደ ሻንጣ ይዤ ልመለስ ነበር። አፈርኩ፤ ከኀፍረቱ የበለጠ ግን ኮራሁ። መንገድ ሲጠርግ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁት።

አቶ ደረጀ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጡ።

«እኔ ለጨጓራዬ ነበር የመጣሁት» አሉ።

«የጨጓራው በዚያ በኩል ነው» አለ ለሚ፣ በአገጩ እያሳየ።

«አውቀዋለሁ» አሉ አቶ ደረጀ። ከመቀመጫቸው አልተነሱም። ትንሽ ቆይተው «ተራው ብዙ ያስጠብቃል?» ብለው ጠየቁ።

ጋሼ ሲገባ ብቻውን ገባ። ሲወጣ የመድኃኒት ወረቀትና የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ይዞ ነበር። ሐኪሟ ለጊዜው ማሽን ላይ እንዳይወጣ ነግራዋለች። ቁልፉን አውጥቶ ለለሚ መለሰለት፤ «ዘይቱን አይተህ አስነሳው፤ ብዙ ቆሟል» አለው። ለሚም እንደ ሥራ ትእዛዝ ተቀበለው።

ማክሰኞ

እትዬ ሙሉ ለእናቴ ቅቤ፣ አዮ ዳሜ ደግሞ አንድ ከረጢት አንጮቴ ላኩ። እኔ ነቀምት ስገባ በእጄ ምንም አልነበረም፤ በሶውን እንኳ በልቼው ነው የገባሁት። መናኸሪያ የሸኘኝ ጋሼ ራሱ ነው። ሌሊቱን ስንት ሰዓት እንደተኛ አልጠየቅኩትም፤ ገና ብዙ ቀን ይቀረዋል፣ ክኒኑም ገና አንድ ቀኑ ነው። ሐኪሟም ጊዜ ይፈልጋል ብላዋለች።

አውቶቡሱ ሞተር አስነስቶ ሳለ እናቴ ደወለች። «ተሳፈራችሁ?» አለች፣ በብዙ ቁጥር።

ምን እንደምል ሳስብ ጋሼ እጁን ዘረጋ። ስልኩን ሰጠሁት።

«እታለም» አላት። «እኔ ነኝ። አልመጣም… አይ፣ እሷ ምን ታድርግ፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ታምሜ ነበር። ጨጓራ አይደለም፤ ስሚኝማ፣ ልንገርሽ። እዚሁ እየታከምኩ ነው። አንቺ ነይ። ጸበልም እዚህ አለ፣ አብረን እንሄዳለን። ስለ አባባም የምነግርሽ አለኝ። ብቻዬን አልቻልኩትም፣ እታለም…»

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ድምፁ ራቀኝ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ተሳፋሪው ከመስኮት «እህት፣ ግቢ እንጂ» አለኝ። ጋሼ አንድ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ በሌላው ስልኩን ይዞ ያወራል፣ ያዳምጣል፣ ደግሞ ያወራል። ሄጄ ትከሻውን መንካት እችል ነበር።

ተሳፈርኩ። በሩ ተዘጋ። ስልኬ ከሳምንት በኋላ በመንገደኛ እጅ ኮልፌ ደረሰልኝ፤ እስከዚያ ያለ ስልክ ሠራሁ፣ ለማንም አልደወልኩ፣ ይህንንም ማስታወሻ ጀመርኩ። ሰዎች ነቀምት ምን ረሳሽ ሲሉኝ ስልኬን እላለሁ፤ ግን ረስቼው አይደለም። አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ሲታጠፍ ዞሬ አይቼዋለሁ፤ ገና አልጨረሰም ነበር።